ግጭት ውስጥ ላደገ ሰው የግጭት ትንተና ሥልጠና ምን ይጨምርለታል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ በሕግ ተመርቄ ዲላ አካባቢ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ወደ ተባበሩት መንግሥታት ወይም ወደ አፍሪካ ኅብረት ተልዕኮዎች በሲቪልነት መግባት እፈልጋለሁ። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ በግጭት ትንተናና ግጭትን ባገናዘበ አሠራር የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ። የአምስት ቀን ሥልጠና ዕድል አግኝቻለሁ። ነገር ግን ከዚህ በፊት እንደወሰድኩት ከሆነ ፍሊፕ ቻርት ላይ ዛፍ ስለን ሰርተፊኬት ይዘን መመለስ ነው። ጌዴኦና ጉጂ ሲጋጩ እኔ እዚያው ነበርኩ። ከሌላ አገር የመጣ አሠልጣኝ ስለ ግጭት ምን አዲስ ነገር ይነግረኛል? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?»

ሂጂ። ስለ ግጭት አዲስ ነገር ትሰሚያለሽ ብዬ ግን አይደለም። ስለ ጌዴኦና ጉጂ አሠልጣኙ ከአንቺ በላይ አያውቅም፤ አውቃለሁ ካለሽም ተጠራጠሪው። ሥልጠናው ደህና ከሆነ የሚያስተምርሽ የቀጠረሽ ተልዕኮ ራሱ በግጭቱ ውስጥ ምን ቦታ እንደሚይዝ ነው፤ ይዞት የሚመጣው ገንዘብ፣ የሚከራየው ቤት፣ የሚቀጥረው ሾፌር፣ መኪናው መጀመሪያ የሚቆምበት በር። ይህን ግጭት ውስጥ ማደግ አያስተምርም። እዚያ ያደገ ሰው ጎረቤቱን እንጂ መጤውን ድርጅት ከውስጥ ሆኖ አላየውም።

በማስታወቂያ ላይ ተያይዘው ስለሚጻፉ ሁለቱ ነገሮች አንድ ይመስላሉ። የግጭት ትንተና ማን ከማን ጋር፣ ስለ ምን፣ በምን አቅም እንደሚጋጭ፣ ምን ሲሆን እንደሚባባስና ምን ሲሆን እንደሚበርድ መርምሮ ማወቅ ነው። ግጭትን ያገናዘበ አሠራር፣ በየቢሮው «ኮንፍሊክት ሴንሲቲቪቲ» የሚሉት፣ ያወቁትን ይዞ የራስን ሥራ መለወጥ ነው። ብዙ ድርጅት የመጀመሪያው ላይ ይቆማል። አማካሪ ቀጥሮ ወፍራም ጥናት ያሠራና መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ግዢ ክፍል አያነበውም፤ የሰው ኃይል ክፍል አያነበውም፤ ሾፌሮቹ መኖሩንም አልሰሙም። ተልዕኮው በየቀኑ ከሕዝብ ጋር የሚነካካው ደግሞ በእነዚሁ ሦስቱ በኩል ነው።

የመሣሪያዎቹን ነገር ቶሎ ልለፈው። ዛፉን ታውቂዋለሽ፤ ግንዱ ላይ ችግሩ፣ ሥሩ ላይ መንስኤው፣ ቅርንጫፉ ላይ መዘዙ ይጻፋል። የባለድርሻ ካርታ አለ፤ ክብ ለእያንዳንዱ ወገን፣ ወፍራም መስመር ለወዳጅነት፣ የተቆራረጠ መስመር ለጠብ። የኖርዌዩ ምሁር ዮሃን ጋልቱንግ ሦስት ማዕዘን አለ፤ አመለካከት፣ ድርጊትና ተቃርኖ፣ ማለትም የማይጣጣመው ፍላጎት። የጊዜ መስመርም አለ። ከሁሉም እኔ የምወደው ይህን የመጨረሻውን ነው። ሁለት ወገኖች ለየብቻቸው ሲሠሩት ታሪኩ የሚጀምርበት ዓመት አንድ አይሆንም፤ አንደኛው በትልቁ የጻፈውን ዓመት ሌላኛው ጭራሽ ሳያነሳው ያልፋል። ለተንታኝ ከዚህ የበለጠ መረጃ የለም። ዛፉ ግን ክፉ አመል አለው። ሥሩ ላይ ምንጊዜም ድህነት፣ ሥራ አጥነት፣ የመልካም አስተዳደር ችግር ተብሎ ይጻፋል። የቦታውን ስም አጥፍተሽ የሌላ አገር ስም ብትጽፊበት ምንም የማይፋለስ ከሆነ ወረቀቱን ቅደጂው።

አንድ እውነተኛ ቦታ ይዘን ብናየው ይሻላል። አቢዬን እመርጣለሁ፤ የሲቪል ሠራተኛ ሥራ ምን እንደሆነ በደንብ ያሳያል፣ እኛንም በቀጥታ ይነካናል።

አቢዬ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ያለ፣ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልተወሰነ ምድር ነው። ኗሪዎቹ ንጎክ ዲንካዎች ናቸው። ከሰሜን ሚሴሪያ የተባሉ ዐረብ ከብት አርቢዎች በበጋ ሣርና ውሃ ፍለጋ ይወርዳሉ። ዘ ሄግ የሚገኘው ቋሚ የግልግል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ወሰኑን አመለከተ። በጃንዋሪ 2011 ሊደረግ የታሰበው ሕዝበ ውሳኔ «መራጩ ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ተሰናክሎ ቀረ፤ በሜይ የሱዳን ጦር ከተማዋን ያዘ። በጁን አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈረመና የጸጥታው ምክር ቤት ዩኒስፋ የተባለውን ተልዕኮ አቋቋመ። እስከ 4,200 ወታደርና 50 ፖሊስ ተፈቀደለት፤ ወታደሮቹም ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ዜና ላይ ጠቡ ቀላል ነው፤ ሰሜንና ደቡብ፣ ዐረብና ዲንካ። መሬት ላይ ግን ተንታኙ የሚጀምረው ከቀን መቁጠሪያ ነው። ከብቱ የሚወርደው ከኅዳር ገደማ ጀምሮ ነው፤ ዝናቡ ሲገባ ይመለሳል። ስለዚህ አስጊዎቹ ወራት አስቀድመው ይታወቃሉ። የተልዕኮው ሲቪሎችና አብረዋቸው የሚሠሩ ድርጅቶች ከጉዞው በፊት ሁለቱን ወገን ያስቀምጣሉ። በየት መንገድ ይለፉ? የትኛው ውሃ ላይ ይቁሙ? ከብት ቢሰረቅ፣ ሰው ቢሞት ካሣው እንዴት ይሁን? ከብቱ ሲመለስም ምን እንደተከበረና ምን እንደፈረሰ ለመነጋገር ዳግመኛ ይሰበሰባሉ። ይህን ስብሰባ አንድ ወር ማዘግየት ማለት ከብቱ ሜዳው ላይ ከደረሰ በኋላ ስለ መንገዱ መነጋገር ማለት ነው። በጀት ዘገየ፣ ፊርማ ጎደለ ተብሎ ስብሰባ ሲገፋ ለአስተዳደር ክፍሉ ተራ ነገር ይመስለዋል፤ አቢዬ ላይ ግን ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። የሒሳብ ሠራተኛው ለምን ሥልጠናው ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

በሜይ 2013 የንጎክ ዲንካዎች የበላይ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል በሰላም አስከባሪዎች ታጅበው ሲጓዙ በሚሴሪያ ታጣቂ ተገደሉ። አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደርም አብሮ ሞተ። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል የነበረው ግንኙነት ተበጠሰ። ቆይቶ እንደገና ካቀራረቧቸው ነገሮች ዋነኛው ገበያ ነው። ከአቢዬ ከተማ በስተሰሜን አሚየት የተባለ የጋራ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ቆመ። ከሰሜን ሸቀጥ ይመጣል፣ ከብት ይሸጣል፣ ከሁለቱም ወገን የተውጣጣ የሰላም ኮሚቴ ክርክር ይሰማል።

በሥልጠናው ቋንቋ ወገኖችን የሚያቀራርበው «አገናኝ»፣ የሚያራርቀው «ከፋፋይ» ይባላል። ጀማሪ ሠልጣኝ እዚህ ሲደርስ ደስ ይለዋል። «ገበያ አገናኝ ነው» ብሎ ይጽፍና ወዲያው መፍትሔ ያዘንባል፤ ሱቅ እንሥራ፣ የሶላር መብራት እንትከል፣ ለነጋዴ ብድር እንስጥ። ቆይ! ቀረጡን ማን ይሰበስባል? ሱቁ ሲደለደል ወረፋውን የሚይዘው ማን ነው? ሌሊት ገበያውን የሚጠብቀው ባለ ጠመንጃ ደመወዙን ከማን ያገኛል? አሚየት ራሱ ግድያና ዝርፊያ የተፈጸመበት ገበያ ነው፤ ገንዘብ ባለበት ጠመንጃ አይጠፋም። ስለዚህ «ገበያው» ብለሽ በጅምላ አትጻፊ። በገበያው ውስጥ የሚያገናኘው የዱቤ ደብተሩና የጋራ ኮሚቴው ሊሆን ይችላል፤ የሚከፋፍለው ቀረጡና የሱቅ ድልድሉ። የምትደግፊው የትኛውን እንደሆነ ለይተሽ ካልጻፍሽ ያ የብድር ገንዘብ የት እንደሚያርፍ አታውቂም።

ከዚያ ደግሞ 2022 መጣ። ዓይን ሁሉ ወደ ሰሜን በነበረበት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪ፣ ንጎክ ዲንካና የደቡብ ጎረቤቶቻቸው ትዊክ ዲንካ አኔት በተባለ ስፍራ ተጋጩ። ሁለቱም ዲንካ ናቸው። ሰው አለቀ፣ የአጎክ ከተማ ሕዝብ ተፈናቀለ፣ በዚያ አካባቢ ስንቱን ያዳነው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሆስፒታል ሥራውን አቆመ። የቅርብ ቆስቋሹ የመሬት ቅየሳ ነበር። ለቀያሹ ሜትር መዘርጋት የሙያ ሥራ ነው፤ ዳር ቆሞ ለሚያይ ግን መሬቱ የማን እንደሆነ እየተፈረደ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ ትንተና እንደ መድኃኒት የማለቂያ ቀን አለው፤ ገጹ ላይ ቀኑን የማይጽፍ አትመኚ። ሁለተኛ፣ «ይህማ ቴክኒክ ነው፣ ፖለቲካ የለበትም» የሚባል ሥራ ስትሰሚ ጠጋ ብለሽ እዪው። ቅየሳ፣ ምዝገባ፣ ቆጠራ፣ የጉድጓድ ቁፋሮ ቦታ መምረጥ፤ እነዚህ ሁሉ ለአንዱ ሰጥተው ከሌላው የሚወስዱ ናቸው።

«ጉዳት አታድርስ» የሚለው አስተሳሰብ፣ ማለትም ርዳታ ግጭቱን እንዳያባብስ መጠንቀቅ፣ ከየት እንደመጣ አሠልጣኞች ብዙ ጊዜ ዘለው ያልፉታል፤ ባይዘሉት ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ከሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ በያኔዋ ዛየር፣ በዛሬዋ ኮንጎ፣ ወዳለችው ጎማ ከተማ ተሻገሩ። ኮሌራ ገባ፤ ዓለም ተረባርቦ ርዳታ ላከ። ነገር ግን ካምፖቹን የያዙት ጭፍጨፋውን የመሩት ባለሥልጣናት፣ ወታደሮችና ሚሊሻዎች ነበሩ። እህሉ በእነሱ በኩል ይታደላል፣ የሰው ቁጥር ይጋነናል፣ ትርፉ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ጦር ማደራጃ ይሆናል። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ክፍል በዚያው ዓመት ኖቬምበር ካምፖቹን ጥሎ ወጣ። ሌሎች ቀሩ፤ ሕፃናቱን ለማን እንተዋቸው አሉ። የትኛው ትክክል እንደነበር ዛሬም ያከራክራል፤ እኔም ክፍል ውስጥ አልዳኘውም። አሜሪካዊቷ የኢኮኖሚ ባለሙያ ሜሪ አንደርሰን ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከብዙ ድርጅቶች ጋር ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ ርዳታ በምን በምን መንገድ ግጭትን ይመግባል? ይሰረቃል፤ ለአንዱ ወገን ሲደርስ ለሌላው ይቀራል፤ የገበያ ዋጋ ያዛባል፤ መንግሥት ወይም ታጣቂው ሕዝቡን ከመመገብ ሸክም ያሳርፋል፤ እህሉን የሚያድለውን ሰው ያነግሠዋል። እነዚህን አምስቱን በቃልሽ ያዢያቸው፤ ዛፍ ከመሳል ይበልጥ ይጠቅሙሻል።

«ያለ ጠመንጃ የሚመጣ ሲቪል ተልዕኮ ምን ሊፈይድ?» የሚሉ አሉ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ አቼህ የተደረገውን ልጥቀስ። የአቼህ ነጻ አውጪ ንቅናቄና መንግሥት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2005 ሄልሲንኪ ላይ ተስማሙ። የአውሮፓ ኅብረትና አምስት የአሲያን (የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር) አባላት፣ ከኖርዌይና ከስዊዘርላንድ ጋር፣ ያልታጠቁ ታዛቢዎች ላኩ። በዓመቱ መጨረሻ 840 ጠመንጃ ተረክበው ሕዝብ እያየ ቆራረጡት። ርክክቡ በአራት ዙር ነበር፤ በየዙሩ ልክ መንግሥት ከሌላ የአገሪቱ ክፍል ያመጣቸውን ወታደሮችና ፖሊሶች ያስወጣል። አንዱ ሲያስረክብ ሌላው ሲወጣ፣ ማንም ቀድሞ ባዶ እጁን አይቀርም። ጥሩ ትንተና ወደ ጊዜ ሰሌዳ ሲለወጥ ይህን ይመስላል።

እዚያው አቼህ ደግሞ ያልሰመረው ጎን አለ። ስምምነቱ የተዋጊዎቹን ቁጥር 3,000 ብሎ ጻፈ፤ ለመቋቋሚያ የሚሰጠውም በዚያ ተሰላ። ንቅናቄው የስም ዝርዝር አልሰጥም አለ፤ ሰላሙ ቢፈርስ ያ ወረቀት የሞት መዝገብ ይሆናል ብሎ ፈራ። ስለዚህ ገንዘቡ በአዛዦች በኩል አለፈ። የዓለም ባንክ በ2006 ባወጣው ጥናት ንቁ አባላቱን 14,300 ያህል ብሎ ገመታቸው። ለሦስት ሺህ የታሰበ ገንዘብ ለዚያ ሁሉ ሰው ሲካፈል ምን እንደሚደርስ፣ አዛዡም ለማን አድልቶ ለማን እንደሚነፍግ አንቺው አስቢው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 በሱናሚ የወደመው የባሕር ዳርቻ በርዳታ ሲሠራ በተራራው ያሉት የጦርነቱ ተጎጂዎች ከሩቅ ያዩ ነበር። በሕግ የተማርሽ ነሽና ስምምነት ላይ የሚጻፍ ቁጥር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይገባሻል።

አሁን ስለ ክፍሉ ልንገርሽ። እኔ ሳሠለጥን ዛፍ ከማሳሌ በፊት የማሠራው መልመጃ አለ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፤ ተልዕኮው በአንዲት ትንሽ ከተማ የመስክ ቢሮ ይከፍታል፤ አንድ ቤት ይከራያል፤ ሁለት ሾፌር፣ አንድ አስተርጓሚና አራት ጥበቃ ይቀጥራል፤ ውሃ በቦቴ ያስመጣል፤ ሁሉም እስከ ዓርብ ይጠናቀቅ። ሠልጣኞቹ ደስ ብሏቸው ይሠሩታል። ሦስት ፕሮፎርማ ያወዳድራሉ፤ ግንቡ ረጅም፣ ጄኔሬተር ያለው፣ ዋጋው ደህና የሆነውን ቤት ይመርጣሉ፤ እንግሊዝኛው የጠራውን አስተርጓሚ ይቀጥራሉ።

ሁለተኛውን ወረቀት ከዚያ በኋላ አድላለሁ። የቤቱ ባለቤት የሚሊሻው አዛዥ ወንድም ነው፤ ቤቱን ያገኘው አምና የተፈናቀለ ቤተሰብ ጥሎት ሲሄድ ነው። ያ ቤተሰብ ዛሬ ከከተማው ዳር በላስቲክ መጠለያ ነው ያለው፤ ነገ ለአቤቱታ ወደ ተልዕኮው ቢሮ ሲመጣ የሚገባው በራሱ በር ነው። የቅጥር ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ተጽፎ መስተዳድሩ ግድግዳ ላይ ብቻ ስለተለጠፈ ያመለከቱት ሁሉ ከአንድ ወገን ናቸው። አስተርጓሚው እንግሊዝኛው የጠራው ትምህርት ቤቱ በእነሱ ሰፈር ስለነበረ ነው። ቦቴው የሚቀዳው ተፈናቃዮቹ ጀሪካን ከሚደረድሩበት ጉድጓድ ነው፤ እሱ ሲሞላ ወረፋው ይቆማል።

እዚህ ላይ ሙግት ይነሳል። የግዢ ሰዎች «ደንቡ ዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚለው፣ ባለቤቱ የማን ወንድም እንደሆነ የመጠየቅ ሥልጣን የለንም» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው። ፖሊሶች «ግንቡ ዝቅ ያለ ቤት ለጸጥታ አይሆንም» ይላሉ። እነሱም ልክ ናቸው። እንግዲህ ሦስተኛው ወረቀት ላይ ያለው ጥያቄ «ሰኞ ጠዋት ምን ትለውጣላችሁ?» የሚል ነው። አንዱ ቡድን ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበር ጠበብ ያለ ግቢ ይከራያል። ሌላው ውሉን ስድስት ወር ብቻ አድርጎ ኪራዩን ሕዝብ ፊት ያነበዋል፣ ለማን ስንት እንደሚከፈል በግልጽ ይለጥፋል። ማስታወቂያውን በሁለት ቋንቋ ጽፎ በገበያ ቀን ማስነበብ ምንም ወጪ የለውም። ቦቴውን ራቅ ካለ ውሃ ማስቀዳት ግን ነዳጅ ይበላል፤ የበጀት ክፍሉን ማሳመን አለብሽ። አንዳንዱ ቡድን ተጨንቆ ተጨንቆ ያንኑ ቤት ይይዛል። እኔ አልቃወምም፤ የያዘበትን ምክንያትና የሚያስከትለውን ነገር ጽፎ፣ ባለ አቤቱታዎችን ሌላ ቦታ የሚቀበልበት መላ ካበጀ እሱም ውሳኔ ነው። የማልቀበለው ሳያውቁ መግባትን ነው።

ሥልጠናሽ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለውና አምስቱም ቀን ስለ ሌሎች ሰዎች ጠብ ብቻ ከተወራ የፈራሽው ደርሷል ማለት ነው።

ጌዴኦና ጉጂን በተመለከተ ደግሞ ምክሬ ደስ ላይልሽ ይችላል። ለመልመጃ «የምታውቁትን ግጭት ምረጡ» ሲባል የራስሽን አትምረጪ። በ2010 ዓ.ም. ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው የተፈናቀለበትን ነገር በዓይንሽ ያየሽ ሰው በሁለተኛው ሰዓት ተንታኝነቱን ትተሽ ጠበቃ ትሆኛለሽ፤ የሰው ባሕርይ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ተለማመጂና ስትመለሺ ከአንድ ጉጂ ባልደረባሽ ጋር ለየብቻ የጊዜ መስመር ሥሩ። ከዚያ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩት። ያንጊዜ የምትጠይቂያቸው ጥያቄዎች ይለወጣሉ። ጎንዶሮ ሁለቱን ሕዝቦች ሲያስታርቅ የኖረ ሥርዓት ነው፤ ሽማግሌዎቹን ማን ጠራቸው፣ አበሉን ማን ከፈለ፣ ያለ ጊዜያቸው ተቻኩለው እንዲቀመጡ ያስገደደ ነበረ ወይ? ርዳታው መጠለያው ላይ ሲያርፍ፣ በአንዲት ጎጆ ዘመድ ባዳውን አስጠግታ ያበላችው እናት ምን ደረሳት? ያንቺ ድርጅት መኪና ቀበሌው በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ ቡና የጠጣው ማን ቤት ነው? ሰዉ ይህን ቆጥሮ ያውቃል፤ ድርጅቱ ነው የማያውቀው።

ወደ ሌላ አገር ስትሄጂ ገለልተኛ የምትሆኚም አይምሰልሽ። የእኛ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ2011 አቢዬ የገቡት ካርቱምም ጁባም ኢትዮጵያን ስለተቀበሉ ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ በሕዳሴው ግድብና ሁለቱ አገሮች በሚከራከሩበት የአልፋሽጋ ድንበር ጉዳይ ግንኙነቱ ሲሻክር ሱዳን እንዲወጡላት ጠየቀች፤ በ2022 ከሌሎች አገሮች በመጡ ተተኩ። ሥራቸው ያው ነበር፤ የተለወጠው ዙሪያቸው ነው። አንቺም አንድ ቀን ፍተሻ ኬላ ላይ ፓስፖርትሽን የሚያገላብጠው ሰው አዲስ አበባ ትናንት ምን እንዳለች ሰምቶ ይሆናል። በባለድርሻ ካርታሽ ላይ ለራስሽም ክብ ሣዪ።

ስለ ሥልጠና ገበያው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል። «ሂት» የሚባለው የጸጥታ ሥልጠና ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱ መታገት ቢገጥምሽ፣ ተኩስ ቢከፈት፣ ፈንጂ ያለበት መንገድ ላይ ብትደርሺ ምን እንደምታደርጊ ያለማምዳል። የተባበሩት መንግሥታት «ቢሴፍ» የተባለው በኢንተርኔት የሚወሰድ ኮርስም የጸጥታ ነው፤ ነጻ ነውና አሁኑኑ ጨርሺው። የግጭት ትንተናን በአፍሪካ ደረጃ የሚያስተምሩ ጥሩ ማዕከላት አሉ፤ አክራ ያለው የኮፊ አናን ማዕከል፣ ናይሮቢ ካረን ያለው የሰላም ድጋፍ ማሠልጠኛ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ፖርቱጋል ፌይራ ላይ ባደረገው ጉባኤ ሲቪል ቀውስ አያያዝን በፖሊስ፣ በሕግ የበላይነት፣ በሲቪል አስተዳደርና በሲቪል ጥበቃ ከከፈለ ወዲህ እነ ስዊድን፣ ጀርመንና ፊንላንድ ጠንካራ ማሠልጠኛዎች አቋቁመዋል። ነገር ግን ለእነዚያ ተልዕኮዎች ሠራተኛ የሚወሰደው በአብዛኛው ከአባል አገሮቻቸው ነው፤ ተስፋሽን እዚያ ላይ አትጣይ። ላንቺ የቀረበው በር የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር ነው፤ ተልዕኮዎቹ ብዙ ሲቪል በዚያ በኩል ይወስዳሉ። የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማዕከልም መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፤ የአርብቶ አደር ግጭትን ሲከታተል ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሚያወጣውን አንብቢ።

ለአዘጋጆቹ ከመሄድሽ በፊት ኢሜይል ጻፊላቸውና የሚሳተፉት እነማን እንደሆኑ ጠይቂ። የፕሮግራም ሰው ብቻ ከሆነ ደካማ ነው፤ ፖሊስ፣ ግዢ፣ ሒሳብና ትራንስፖርት ካሉበት ሻንጣሽን አዘጋጂ። ሠልጣኝ እንዴት እንደተመረጠም ጠይቂ። ሥልጠና ራሱ ሀብት ነው፤ ሆቴል አለው፣ አበል አለው፣ ሰርተፊኬት አለው። አለቃው የወደደው ብቻ የሚላክበት ከሆነ፣ በአንድ ወረዳ ከአንድ ወገን ብቻ አምስት ሰው አሠልጥነው የሚመልሱ ከሆነ፣ ስለ ከፋፋይና አገናኝ ሊያስተምሩሽ የመጡት ሰዎች ከፋፋይ ሥራ ሠርተዋል። ይህን ክፍል ውስጥ ብታነሺው ደግ አሠልጣኝ ያመሰግንሻል።

ማመልከቻውን በተመለከተ፣ «በግጭት ትንተና ሠልጥኛለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር አያስቀጥርሽም፤ ሁሉም ይጽፈዋል። የተባበሩት መንግሥታት ቃለ መጠይቅ የሚጠይቅሽ በሥራሽ ያጋጠመሽን ነው፦ ምን አየሽ፣ ምን ወሰንሽ፣ ምን ተለወጠ? በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ አያጣሽም። የዕደላ ቀን ከአንደኛው ወገን የገበያ ቀን ጋር ሲጋጭ ያዛወርሽው፣ የኮሚቴ አባላት ምርጫ አንድ ጎጥ ላይ ሲያርፍ ያስደገምሽው፣ ወይም ዝርዝሩ በይፋ እንዲለጠፍ ስትጠይቂ አለቃሽ እንቢ ያለበት ቀን ይኖራል። አንዱን መርጠሽ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የተለወጠውንና ያስከፈለውን በግማሽ ገጽ ጻፊው። ሥልጠናው ሳይጀመር ጻፊውና በመጀመሪያው ቀን የሻይ ዕረፍት ላይ ለአሠልጣኙ ስጪው፤ የሚሰጥሽ አስተያየት አምስቱን ቀን ምን ያህል እንደሚጠቅሙሽ ያሳይሻል።